ከዋክብትን አብሮ ማየት

ገበሬ ሰማይን ያውቃል። ደመናውን አይቶ ዝናቡን ይገምታል። አጥቢያ ኮከብ ሲወጣ ሌሊቱ ሊነጋ መሆኑን ይረዳል። ማሳ ሲጠብቅ ከማማው ላይ ሆኖ የጨረቃን መውጣትና መጥለቅ ይከታተላል። ስለዚህ የሰማይ ነገር ለገበሬ እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ በዓይን ብቻ ስናይ ኮከብ ሁሉ ያው ነጥብ ነው። አንዱ ደመቅ ይላል፤ ሌላው ፈዘዝ ይላል። ከዚያ ያለፈውን ዓይናችን አይነግረንም። ከዚያ ያለፈውን ለማየት መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው ቴሌስኮፕ ይባላል። ቴሌስኮፕ ማለት የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ነው።

ቴሌስኮፕ የሊቃውንት ብቻ መሣሪያ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቀን በፋብሪካ፣ በእርሻ፣ በሱቅ ወይም በትምህርት ቤት ሲሠሩ ውለው ማታ ሰማይን የሚመለከቱ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። ለዚህ ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም። የሚያዩት ማወቅ ስለሚወዱ ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አያዩም፤ ተጠራርተው አብረው ያያሉ።

እነዚህ ሰዎች ኮከብ ቆጣሪዎች አይደሉም። ኮከብ ቆጣሪ "ዕድልህ እንዲህ ነው" ይላል። እነርሱ ግን "ይህ ኮከብ ምንድን ነው? ምን ያህል ይርቃል? ከምንስ ተሠራ?" ብለው ይጠይቃሉ። መልሱንም ከሌላ ከመስማት በዓይናቸው ማየት ይወዳሉ።

ይህ ልማድ እንዴት እንደ ተስፋፋ ለማወቅ ወደ አንዲት የአሜሪካ ከተማ እንሂድ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቶርኖ ሠራተኞቹ

ስፕሪንግፊልድ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ቨርሞንት በሚባለው ክፍለ ሀገር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ1920 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋ የምትታወቀው ቶርኖና ሌሎች የብረት መቅረጫ መሣሪያዎችን በሚሠሩ ፋብሪካዎቿ ነበር። ከነዋሪዎቿም ብዙዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ።

በዚያች ከተማ ራስል ፖርተር የሚባል ሰው ነበር። ፖርተር በወጣትነቱ በረዶ ወደ ሸፈነው የሰሜን ዋልታ አካባቢ ብዙ ጊዜ ተጉዟል። ሥዕልም ይሥል ነበር። ቴሌስኮፕ መሥራትንም በገዛ እጁ ተለማምዷል።

በዚያን ጊዜ ጥሩ ቴሌስኮፕ ዋጋው ውድ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ በደመወዙ ሊገዛው አይችልም። ፖርተር ግን የቴሌስኮፕ አሠራርን ሊያስተምራቸው ተነሣ። በ1920 ዓ.ም. 15 ወንዶችና አንዲት ሴት ተሰብስበው መማር ጀመሩ። ቀን ሥራቸውን እየሠሩ በትርፍ ሰዓታቸው መስታወት ይፈጩ ነበር።

የሠሩት ቴሌስኮፕ ሠራ። ሰማይንም አዩበት። ከዚያ በኋላ በ1923 ዓ.ም. የስፕሪንግፊልድ ቴሌስኮፕ ሠሪዎች የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይም የመሰብሰቢያ ቤት በእጃቸው ሠሩ። ቤቱን ሮዝ ቀለም ቀቡት። ስሙንም ስቴላፌን አሉት። በላቲን ቋንቋ የከዋክብት መቅደስ ማለት ነው።

በ1925 ዓ.ም. ሳይንቲፊክ አሜሪካን የሚባለው መጽሔት ስለ እነርሱ ጻፈ። ጽሑፉን ያነበቡ ሰዎች ከየቦታው "እኛንም አስተምሩን" እያሉ ደብዳቤ ላኩ። በ1926 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጉባኤ በኮረብታው ላይ ተደረገ። ከጥቂት ዓመታት በቀር ጉባኤው እስከ ዛሬ ድረስ በየበጋቸው ይደረጋል። በጉባኤው ላይ ሰዎች በእጃቸው የሠሩትን ቴሌስኮፕ ይዘው ይመጣሉ፤ ያሳያሉ፤ ይወዳደራሉም።

መምህራቸው ፖርተርም በሙያው ተፈላጊ ሆነ። በዘመኑ ከዓለም ሁሉ የሚበልጠው ቴሌስኮፕ በካሊፎርኒያ ሲታሰብ እንዲያግዝ ተጠራ። ያ ቴሌስኮፕ መስታወቱ 5 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ።

ቴሌስኮፕ እንዴት ያሳያል?

ዝናብ ሲዘንብ ከደጅ አንድ ስኒና አንድ ገበቴ ብናስቀምጥ የትኛው ብዙ ውሃ ያጠራቅማል? ገበቴው ነው። አፉ ሰፊ ነውና። ብርሃንም እንደ ዝናብ ነው። ከኮከብ የሚመጣው ብርሃን በሁሉ ቦታ ይወርዳል። የዓይናችን ብሌን ግን ጠባብ ስኒ ነው። በጨለማ ቢከፈት እንኳ ስፋቱ ከ7 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

የቴሌስኮፕ መስታወት እንደ ገበቴው ነው። ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስታወት ከአንድ ዓይን ይልቅ ከ400 እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ስለዚህ ዓይን የማያየውን ፈዛዛ ኮከብ ያሳያል።

መስታወቱ መካከሉ ጥቂት ጎድጎድ ያለ ነው። ስለ ጎደጎደ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ይመልሰዋል። በቱቦው አፍ አጠገብ ያለች ሌላ ትንሽ መስታወት ብርሃኑን ወደ ጎን ታወጣዋለች። እዚያ ላይ የማጉያ መነጽር አለ። ሰው ዓይኑን የሚያደርገው በዚህ ማጉያ ላይ ነው። ይህን ዓይነት ቴሌስኮፕ መጀመሪያ የሠራው እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ነው። ጊዜውም 1668 ዓ.ም. ነበር።

በአገራችንም በአዲስ አበባ አጠገብ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የእያንዳንዳቸው መስታወት ስፋት 1 ሜትር ነው። ትልቁም ትንሹም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ብርሃን ይሰበስባል፤ ወደ አንድ ቦታ ይመልሳል።

መስታወቱ እንዴት ይፈጫል?

በድንጋይ ወፍጮ የፈጨች እናት ይህን ሥራ ቶሎ ትረዳዋለች። መጁ በወፍጮው ላይ ሲመላለስ እህሉ ይደቃል። ነገር ግን ድንጋዮቹም በጊዜ ብዛት ይበላሉ። ወፍጮው ይጎደጉዳል።

ቴሌስኮፕ ሠሪዎችም ሁለት ወፍራም ክብ መስታወቶች ይወስዳሉ። አንዱን ከታች፣ አንዱን ከላይ ያደርጋሉ። በመካከላቸው ውሃና ጠጣር ዱቄት ይጨምራሉ። ዱቄቱ ብርጭቆ ወረቀት ላይ እንደሚገኘው ያለ ነው። ከዚያ የላይኛውን በእጃቸው ወዲያና ወዲህ ይገፉታል። ዙሪያውንም እየዞሩ ይፈጫሉ። የላይኛው መስታወት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊሉ ከታችኛው ጫፍ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ክብደቱ በላይኛው መካከልና በታችኛው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የላይኛው መካከሉ ይጎደጉዳል፤ የታችኛው ጠርዙ ተበልቶ መካከሉ ጉብ ይላል። ቴሌስኮፕ የሚሆነው የጎደጎደው ነው።

ጉድጓዱ ትንሽ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መስታወት ላይ ጥልቀቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። መጀመሪያ በሻካራው ዱቄት፣ ቀጥሎ በደቃቁ፣ ከዚያም ከእርሱ በደቀቀው ይፈጫል። በመጨረሻ በዛፍ ሙጫ ላይ ቀይ የብረት ዝገት ዱቄት ተደርጎ ይወለወላል።

አስቸጋሪው ነገር ልኩ ነው። የመስታወቱ ፊት ከሚፈለገው ቅርጽ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ በላይ መዛነፍ የለበትም። ይህ ከራስ ጠጉር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ የቀጠነ ነው። ታዲያ ይህን በምን ይለኩታል? ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል ያሰኛል። ግን አያስፈልግም። አንድ መብራት በጣሳ ይሸፍናሉ። ጣሳውን በመርፌ ይበሱታል። በቀዳዳው የወጣው ብርሃን ከመስታወቱ ተመልሶ ሲመጣ በምላጭ ስለት ይቆርጡታል። በዚያን ጊዜ በመስታወቱ ላይ ያለው እብጠትና ጉድጓድ ሁሉ እንደ ኮረብታና እንደ ሸለቆ ሆኖ ይታያል። ይህን ብልሃት ያገኘው ፎኮ የተባለ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ነው።

ይህ መፈተኛ ምን ያህል ረቂቅ እንደ ሆነ እንዲህ ይታወቃል። ሰው ጣቱን በመስታወቱ ላይ ጥቂት ጊዜ አሳርፎ ቢያነሣ፣ በጣቱ ሙቀት ያበጠው ቦታ በግልጽ ይታያል። ሲቀዘቅዝ ይጠፋል። ስለዚህ ሠሪው ይታገሣል። ይፈትናል፤ ይወለውላል፤ እንደገና ይፈትናል። ሥራው የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

በመጨረሻ መስታወቱ ብርሃን እንዲመልስ ስስ ብር ይለበጣል። በዛሬው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚለበጠው በአሉሚኒየም ነው።

በኮረብታው ላይ ሲመሽ

አሁን ጉባኤው በሚደረግበት ሰሞን በኮረብታው ላይ እንዳለን እናስብ። ቀኑ የሚመረጠው ጨረቃ በማትደምቅበት ሳምንት ነው። የጨረቃ ብርሃን ፈዛዛዎቹን ከዋክብት ይጋርዳልና።

ቀን ሰዉ በድንኳኖቹ መካከል ይዘዋወራል። አንዱ መስታወት ሲፈጭ ያሳያል። ሌላው ከእንጨት የሠራውን ቱቦ ያስመርቃል። "ይህን ከምን ሠራኸው? እንዴት አጠመድከው?" ይባባላሉ። የሠራ አይደብቅም፤ ያልሠራ ለመጠየቅ አያፍርም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወሬው ዝቅ ይላል። መኪና ያለው መብራቱን ያጠፋል። ባትሪ የሚይዝ ሰው ቀይ ላስቲክ ወይም ቀይ ወረቀት ይለብጥበታል። ለምን? ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። እሳት ዳር ቆይተን ወደ ደጅ ስንወጣ መጀመሪያ ምንም አይታየንም። ቆይቶ ግን አጥሩም መንገዱም ይታያል። ነጭ ብርሃን አንድ ጊዜ ዓይን ላይ ቢበራ ያ ሁሉ ልምድ ይጠፋል። እንደገና ከመጀመሪያው መጠበቅ ነው። ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ግን ዓይንን ብዙ አይጎዳም። አንዱ በስሕተት ነጭ መብራት ቢያበራ ከየአቅጣጫው "አጥፋው! አጥፋው!" የሚል ድምፅ ይሰማል።

በየቴሌስኮፑ ሥር ሰዎች ይሰለፋሉ። ሕፃኑም ሽማግሌውም ተራውን ይጠብቃል። ቱቦው ረጅም ከሆነ መሰላል አለ። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ያግዛል። ለትንሿ ልጅ "ቱቦውን አትንኪ፤ ይነቃነቃል። አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። አሁን ምን ይታይሻል?" ይላታል።

ደመና ቢመጣ ሰዉ ወዲያው አይበተንም። ካባውን ደርቦ፣ ትኩስ ቡና ጠጥቶ፣ እየተጫወተ ይጠብቃል። ባለፈው ያየውን ለጎረቤቱ ይነግራል። ደመናው ሲገለጥ ሁሉም ወደ ቴሌስኮፑ ይመለሳል።

በዚያ ጨለማ ማን ባለጸጋ፣ ማን ድኻ እንደ ሆነ አይታይም። የሚጠየቀው "ምን አየህ?" የሚለው ነው።

ምን ይታያል?

ሳተርን የምትባለው ፕላኔት በሰማይ ላይ ባለችበት ጊዜ ረጅሙ ሰልፍ ለእርሷ ነው። ፕላኔት ማለት እንደ ምድራችን ፀሐይን የሚዞር አካል ነው። ሳተርን በዓይን ስትታይ ኮከብ ትመስላለች። በቴሌስኮፕ ስትታይ ግን ዙሪያዋን ቀለበት አለ። ቀለበቱ ከበረዶ ስብርባሪዎች የተሠራ ነው። ከስብርባሪዎቹ አንዳንዱ እንደ አሸዋ ነው፤ አንዳንዱም ቤት ያህላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሥዕል የተለጠፈበት መስሎት ቀና ብሎ የቱቦውን አፍ የሚመረምርበት ጊዜ አለ።

ጁፒተር ደግሞ ከፕላኔቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ወርዱ የምድርን 11 ጊዜ ያህል ነው። በአጠገቡ አራት ነጥቦች ተሰልፈው ይታያሉ። ጨረቃዎቹ ናቸው። በማግስቱ ቢታዩ ቦታ ለውጠዋል። ይህን በ1610 ዓ.ም. ያየው የኢጣሊያኑ ጋሊሌዮ ነው። በዚያን ዘመን ብዙዎች ሁሉም ነገር ምድርን ይዞራል ይሉ ነበር። ጋሊሌዮ ግን ምድርን የማይዞሩ፣ ጁፒተርን የሚዞሩ አካላት አየ። አራት ነጥቦች የብዙ ዘመን አሳብ አናጉ።

አጥቢያ ኮከብ የምንለውም በእርግጥ ኮከብ አይደለም። ቬነስ የምትባል ፕላኔት ናት። አንዳንድ ወራት ሳይነጋ በምሥራቅ፣ አንዳንድ ወራት ደግሞ ሲመሽ በምዕራብ ትታያለች። በቴሌስኮፕ ስትታይ እንደ ጨረቃ ትጎድላለች፤ ትሞላለች።

ከፕላኔቶች ባሻገር ከዋክብት አሉ። ኮከብ እንደ ፀሐያችን በራሱ የሚያበራ ነው። ትንሽ መስሎ የሚታየው ስለሚርቅ ነው። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፀሐይ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። አንድሮሜዳ ከሚባለው የከዋክብት ክምችት ለመድረስ ግን 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይወስድበታል። አንድሮሜዳን የሚያይ ሰው የሚያየው ዛሬ ያለውን አይደለም። ያኔ የተነሣውን ብርሃን ነው።

አንድሮሜዳ የሚለው ስም ከግሪኮች ተረት የመጣ ነው። በተረቱ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በጥንት ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉ የነበረው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው።

ጨለማም ሀብት ነው

በሰሜን አሜሪካ ከመቶ ሰው 80 ያህሉ በሚኖርበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም። ይህ በ2016 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ተገልጿል። ፍኖተ ሐሊብ ማለት ሰማይን አቋርጦ እንደ ፈሰሰ ወተት የሚታየው የከዋክብት መንገድ ነው። የከተማ መብራት ወደ ላይ እየበራ ሰማዩን ስለሚያነጣው አይታይም። ስለዚህ ቴሌስኮፕ ያላቸው ሰዎች ጨለማ ፍለጋ ብዙ ኪሎ ሜትር በመኪና ይጓዛሉ።

እነርሱ የሚፈልጉት ጨለማ በብዙ የገጠር ቀበሌ በደጃችን አለ። ይህ ማለት መብራት አያስፈልግም ማለት አይደለም። መብራት ልጆች እንዲያጠኑ፣ ሐኪም በሌሊት እንዲያክም ይረዳል። ነገር ግን የደጅ መብራት ከላዩ ክዳን ኖሮት ወደ ታች ቢያበራ መንገዱም ይታያል፤ ሰማዩም አይጠፋም። ወደ ሰማይ የሚበራ መብራት ገንዘብም ማባከን ነው።

በደጃችን ያለው ሰማይ

ቴሌስኮፕ ባይኖረንም ዛሬ ማታ ልንጀምር እንችላለን። ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

አንደኛ፣ ኮከብ ይርገበገባል። ፕላኔት ግን አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ብሎ ያበራል። በዚህ ለይተን ልናውቃቸው እንችላለን።

ሁለተኛ፣ በግንቦት ወር ሰማዩ ጥርት ባለ ዕለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ እንይ። ዝቅ ብለው በመስቀል ቅርጽ የቆሙ አራት ከዋክብት አሉ። ዞር ብለን ወደ ሰሜን ብናይ ደግሞ እጀታው ረጅም የሆነ ጭልፋ የሚመስሉ ሰባት ከዋክብት እናያለን። የስፕሪንግፊልድ ሰዎች ጭልፋውን ያያሉ። መስቀሉን ግን ካገራቸው ሆነው ፈጽሞ አያዩትም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ሁለቱንም ታሳየናለች።

ሦስተኛ፣ በኅዳር ወር አዝመራ ስንጠብቅ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ብለን እንይ። ጨረቃ ከሌለች ትንሽ የጭጋግ ቁራጭ የመሰለ ነገር ይታያል። እርሱ አንድሮሜዳ ነው። ያለ መሣሪያ ይታያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በቴሌስኮፕም ሆነ በማንኛውም መነጽር ፀሐይን ፈጽሞ አትመልከቱ። መነጽሩ ብርሃኑን ሰብስቦ ዓይንን ያጠፋል። ልጆችንም አስጠንቅቁ።

ያያችሁትንም ጻፉ። በደብተራችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያያችሁትንና ያለበትን አቅጣጫ አስፍሩ። ለምሳሌ "ኅዳር 5፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት፤ ደማቅ፣ የማይርገበገብ ኮከብ፤ በምሥራቅ" ብላችሁ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ እንደገና አይታችሁ አስተያዩ። ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብትን እያዩ የሚመዘግቡ የፍላጎት ሰዎች ማኅበር በአሜሪካ አለ። ሊቃውንት የእነዚህን ሰዎች መዝገብ ለምርምር ይጠቀሙበታል። የታየና ያልተጻፈ ነገር ይረሳል። የተጻፈ ግን ለሌላ ሰው ይተርፋል።

የስፕሪንግፊልድ ሠራተኞች ሲጀምሩ የነበራቸው መስታወት፣ ዱቄት፣ ጣሳ፣ ምላጭና ትዕግሥት ነበር። የሚያስተምር ሰው አገኙ፤ እነርሱም ሌላውን አስተማሩ። እኛም ያየነውን ለጎረቤት እናሳይ። "ኑ፣ ይህን እዩ" እንበል። አንዱ ብቻውን ካየው ሁለት ሆነው ሲያዩት ይበልጥ ይታያል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የቴሌስኮፕ መስታወት ሰፊ ሲሆን ለምን የተሻለ ያሳያል? የስኒውንና የገበቴውን ምሳሌ አስታውሱ።
2. የስፕሪንግፊልድ ሠራተኞች መግዛት ያልቻሉትን ነገር በምን ዘዴ አገኙ? በእኛ ቀበሌ ተባብረን ልንሠራው የምንችል ምን ነገር አለ?
3. በአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች ለከዋክብት የሚሰጡት ስም አለ? ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉ።